የቦቲው በረኪናና የላሞቹ ሰኮና

አዲሱ ባለሙያ ቦቲውን እስከነጭቃው ባልዲው ውስጥ ነከረው። ልኩን አልሳተም፤ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። ግን ጭቃ ክሎሪንን ይበላል፤ ሽታው ይቀራል እንጂ ጉልበቱ የለም። የበረኪናው ጀሪካን ደግሞ መኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ነው፤ ፀሐይም ጉልበቱን ይቀንሳል።

ባሌ ተራሮች ላይ ካለው ሐረና ጫካ ለእንቁራሪት ቆጠራ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይታወቃል። መጀመሪያ የሶሉ ጭቃ በብሩሽና በስንጥር ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ይነከራል፣ መጨረሻ ላይ ከጅረቱ ራቅ ብሎ ይለቀለቃል። በረኪናው ውሃ ውስጥ ከገባ ገና እግር ያላወጡትን የእንቁራሪት ልጆች ይፈጃል። ይህ ሁሉ ኪትሪድ ለሚባል ፈንገስ ነው፤ በእርጥብ ጭቃ ከጅረት ጅረት ይሻገራል፣ የእንቁራሪቷን ቆዳ ይይዛል። እሷ ውሃም ጨውም የምትወስደው በቆዳዋ ስለሆነ፣ ቆዳው ሲታወክ የደሟ ጨው ይዛባና ልቧ ይቆማል።

መንገድ መሪው ሽማግሌ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው ሳያጉረመርሙ ፈተጉ። ሲጨርሱ በአገጫቸው ወደ ጅረቱ ራስ አመለከቱ፤ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ቆመዋል።

«ልጄ፣ የኔን አጠብኩ። የእነዚያንስ ማን ያጥባል?»

ባለሙያው መመሪያውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ «አባባ፣ የከብቱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ።

«ሌላ ውሃ ይጠጣሉ እንዴ?»

መልስ የሰጠ የለም። የምትፈለገው እንቁራሪት በ1991 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸችው፣ የወገን ስሟን አስታ ከሚባለው ተክል (በሳይንስ ስሙ ኤሪካ) የወሰደችው ኤሪካባትራከስ ናት። ከባሌ ተራሮች ውጪ የትም አልተገኘችም፤ በጣም ትንሽ ናት። የምትሸሸገው በጅረቱ ጠርዝ፣ ውሃው ላይ ከተንጠለጠለው ሣርና ሥር በታች ነው። ሰኮና መጀመሪያ የሚንደው ደግሞ ያንኑ ጠርዝ ነው። ፈንገሱ ባይነካትም መጠጊያ ታጣለች።

ሪፖርቱ ላይ «የጫማ ማጽዳት፦ በሁሉም ጅረት ተከናውኗል» ተብሎ ተጽፏል፤ በቡድን መሪው ፊርማ። ስለ ሰኮና የሚሞላ ሣጥን ቅጹ የለውም። ጀሪካኑ አሁን ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ቅጽ ውስጥ የማይገባ ነገር ሲነሳ ደግሞ፣ ሾፌሩ ሳይቀር «እሱ ሌላ ውሃ ይጠጣል» ይላል።