የፒዲኤፍ ቅጽ መሙያ አመራረጥ፦ ከደብረ ብርሃን የጽሕፈት ሥራ የተገኘ ልምድ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በደብረ ብርሃን በጽሕፈትና በኮፒ አገልግሎት ለተሰማራን ሰዎች የሚመጣው ሥራ መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ የሚበዛው ማመልከቻ መጻፍ፣ መታወቂያ ኮፒ ማድረግና ውል ማተም ነበር። ዛሬ ግን በቴሌግራም የተላከለትን ፒዲኤፍ በስልኩ ይዞ «ይህን ቅጽ ሙሉልኝ» የሚል ባለጉዳይ ከመሐል ሜዳም፣ ከደነባም፣ ከደብረ ሲናም ይመጣል። በዚህ ምክንያት ካለፈው መስከረም ጀምሮ በነፃ የሚገኙትን የቅጽ መሙያ መሣሪያዎች፣ ኢንተርኔት ላይ የሚሠሩትንም ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑትንም፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት እየፈተንሁ ማስታወሻ ስይዝ ቆይቻለሁ። በዚሁ ሙያ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ይጠቅም እንደሆነ በማለት እስካሁን የደረስሁበትን አካፍላለሁ።

ብዙዎቻችን የምንነሣው «ኢንተርኔት ላይ ልሙላው ወይስ ፕሮግራም ልጫን?» ከሚል ጥያቄ ነው። ፈተናው እየገፋ ሲሄድ ከዚህ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች እንዳሉ ተረድቻለሁ፤ አንደኛው ቅጹ ምን ዓይነት ነው የሚል፣ ሁለተኛው በላዩ ላይ የሚሰፍረው መረጃ የማን ነው የሚል። እነዚህ ሁለቱ መልስ ካገኙ የመሣሪያው ምርጫ ብዙም አያከራክርም።

ፒዲኤፍ በአዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተዋወቀ የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ የሚሞሉ ሳጥኖች የተጨመሩበት በ1996 በወጣው 1.2 በተባለው እትሙ ነው። ይህ ዓይነቱ ቅጽ አክሮፎርም ይባላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ፒዲኤፍን እ.ኤ.አ. በ2008 አይኤስኦ 32000 በሚል ስያሜ ደረጃ አድርጎ ካወጣው ወዲህ፣ ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎችም አሠራሩን ተከትለው መሣሪያ መሥራት ቀሏቸዋል፤ ዛሬ ነፃ መሙያ ከበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። አክሮፎርም ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ በተባሉት የኢንተርኔት ማሰሻዎችም (ብሮውዘሮችም)፣ አክሮባት ሪደርና ኦኩላር በተባሉት የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፕሮግራሞችም ይሞላል። መለያውም ቀላል ነው፤ ፋይሉ ሲከፈት የሚሞሉት ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ይቀለማሉ፣ ታብ የተባለው ቁልፍ ሲጫንም ጠቋሚው ከሳጥን ወደ ሳጥን ይዘልላል።

ሰውን የሚያንገላታው ኤክስኤፍኤ የተባለው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይህ ቅጽ በስሙ ፒዲኤፍ ይሁን እንጂ በውስጡ የተለየ አሠራር ስላለው አብዛኞቹ መሣሪያዎች አያነቡትም። ከካናዳ ኢሚግሬሽን የሚመጡ ቅጾች፣ ለምሳሌ ለጎብኚ ቪዛ የሚሞላው አይኤምኤም 5257፣ በዚህ አሠራር የተዘጋጁ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። እንዲህ ያለው ቅጽ በስልክ ሲከፈት የሚታየው «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ብቻ ነው። ባለጉዳዩ ኔትወርኩ የደከመ ወይም ፋይሉ የተበላሸ ስለሚመስለው ከላኪው ደጋግሞ ያስልካል፣ ዳታውንም በከንቱ ይጨርሳል። ፋይሉ ግን ደኅና ነው፤ የጎደለው የሚያነበው ፕሮግራም ነው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 93ኛ እትሙ ጀምሮ የኤክስኤፍኤ ቅጾችን መክፈትና ማስሞላት ጀምሯል፤ አክሮባት ሪደርን የማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የካናዳው መሥሪያ ቤት ቅጹ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ የአዶቤ አክሮባት ሪደር እንዲሞላ ስለሚያዝዝ፣ መጨረሻ ላይም የማረጋገጫው ቁልፍ ሲጫን የተሞላው ሁሉ ወደ ባርኮድ ስለሚገባ፣ በዚህ ቅጽ ላይ ሌላ መሣሪያ አልሞክርም። ባርኮዱ ከወጣ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ ከታረመች ቁልፉ እንደገና መጫን እንዳለበትም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዓይነት ምንም ሳጥን የሌለው፣ ብዙውን ጊዜም ከወረቀት ላይ ስካን የተደረገ ቅጽ ነው። በእኛ አካባቢ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት የአማርኛ ቅጾች በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው። ለነዚህ ሊብሬኦፊስ ድሮው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ተመችቶኛል፤ ስካኑን ይከፍታል፣ በላዩ የጽሑፍ ሳጥን እየዘረጋሁ እጽፋለሁ፣ ከዚያም ወደ ፒዲኤፍ መልሼ አወጣዋለሁ፤ በሚያወጣበት ጊዜ ፎንቱን አብሮ ስለሚያስገባው የተቀባዩ ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት ባይኖረውም ፊደሉ ይነበባል። አቢሲኒካ ወይም ኒያላ በመሰለ የዩኒኮድ ፎንት፣ ማለትም እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ባለው ፎንት፣ መጻፍ እንደሚገባ ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ከውስጥ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ተቀባዩ ስሙን ቀድቶ ወደ ሌላ ሰነድ ሲያስገባው የማይነበብ ነገር ይወጣል። ስካን ያልሆነ፣ ጽሑፉ ሊመረጥና ሊቀዳ የሚችል ፒዲኤፍ ደግሞ በዚሁ ፕሮግራም ሲከፈት መስመሮቹ አንዳንዴ ስለሚዛነፉ፣ ለእንዲህ ያለው በአክሮባት ሪደር ወይም በፋየርፎክስ ጽሑፍ መጨመሪያ መጠቀም ይሻላል፤ ፋየርፎክስ ይህን መጨመሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የመረጃው ባለቤትነት፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። አንዲት እናት ከሰላ ድንጋይ መጥተው፣ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ቅጽ እየሞላሁ ሳለ «ልጄ፣ ይኼ የምትጽፈው ነገር ሌላ ሰው ያየዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አያየውም እማማ፤ ስሞላው ከዚህች ኮምፒውተር አይወጣም» አልኋቸው። ይህን መልስ በእርግጠኝነት መስጠት የሚቻለው ከኢንተርኔት ውጭ ሲሞላ ብቻ ነው። በአንድ ቅጽ ላይ የፓስፖርት ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የእናት ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ አንዳንዴም የባንክ ሒሳብ አብረው ይሰፍራሉ፤ ለአጭበርባሪ ከዚህ የተሟላ ነገር የለም። ኢንተርኔት ላይ ከሚሠሩት መሣሪያዎች አይላቭፒዲኤፍ የስፔን፣ ስሞልፒዲኤፍ የስዊዘርላንድ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ የተላከላቸውን ፋይል ከሰዓታት በኋላ እንደሚያጠፉ ይገልጻሉ፤ ቃላቸውን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም እኚያ እናት መረጃቸው ለአፍታም ቢሆን ወደ ሌላ አገር ኮምፒውተር እንዲሄድ አልፈቀዱም፤ ጉዳዩ ቢነገራቸው ይፈቅዱ እንደሆነም የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ካወጣች ወዲህ፣ የሰው መረጃ በእጃችን የሚያልፍ ሰዎች ነገሩን እንደ ቀላል ልናየው አይገባም እላለሁ።

ከዚህ በመነሣት ኢንተርኔት ላይ የሚሠሩትን መሣሪያዎች የማውለው የማንም ስም ላልሰፈረበት ሥራ ብቻ ነው፤ ባዶ ቅጽን ከብዙ ገጽ ውስጥ ለይቶ ለማውጣት ወይም መጠኑን ለመቀነስ ያገለግሉኛል። ለመሙላት የቀረቡት አንዳንዶቹማ ሌላም ጣጣ አለባቸው። ሙሉውን ቅጽ በነፃ ካስሞሉ በኋላ ለማውረድ ሲሞከር ክፍያ የሚጠይቁ አጋጥመውኛል፤ በውጭ አገር ካርድ ካልሆነ መክፈል ለማይቻልበት ባለጉዳይ ይህ ማለት ድካሙ ሁሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በእኛ አካባቢ ደግሞ ግማሽ የተሞላ ቅጽ በመሐል መጥፋቱ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ማንሣት እወዳለሁ። በብሮውዘር የተከፈተ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ነው ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ያለ ፒዲኤፍ በፋየርፎክስ ወይም በክሮም ሲከፈት ፋይሉ የትም አይሄድም፤ የሚያነበው ብሮውዘሩ ራሱ ነው። አንድ መሣሪያ ፋይሉን ይልከው እንደሆነ ለማወቅ የምጠቀምበት ፈተና የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎ፣ ወይም ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ባዶ ቅጽ መሞከር ነው፤ ያለ ኔትወርክ ከፍቶ፣ ሞልቶ ሴቭ ካደረገ ለመሙላት ኢንተርኔት አያስፈልገውም ማለት ነው፤ ለባለጉዳይ በምሞላበት ጊዜም እንደተነቀለ አቆየዋለሁ። በአንጻሩ አክሮባት ሪደር ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ቢሆንም፣ ፊርማ ከሌላ ሰው ለማስጠየቅ የተዘጋጀው ቁልፉ ሰነዱን ወደ ኩባንያው ስለሚልከው እርሱን አልነካም። በክሮም የሚሞላ ሰው ደግሞ ሴቭ ሲያደርግ የተሞላውን ይዞ የሚያወርደውን አማራጭ መምረጥ አለበት፤ ያለዚያ በእጁ የሚቀረው ባዶው ቅጽ ነው።

ከኢንተርኔት ውጭ መሙላት ብቻውን ግን ምስጢር አይጠብቅም። የአገልግሎት ቤት ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው ይቀመጣል፤ ዴስክቶፑና የማውረጃው ፎልደር በሰው ቅጽ ከተሞሉ፣ መረጃው ውጭ አገር ባይሄድም ለሚቀጥለው ደንበኛ ክፍት ነው። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን በባለጉዳዩ ፍላሽ ላይ አድርጌ፣ በፊቱ ከኮምፒውተሩ አጠፋለሁ፣ የቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደርጋለሁ። ፕሮግራሙ የተጻፈውን እያስታወሰ በራሱ እንዳይሞላም ያንን አማራጭ ዘግቼዋለሁ።

በእኚያ እናት ቅጽ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ደግሞ ለይቼ ልጻፍ። ቅጹ አይ 130 የተባለው የአሜሪካ የቤተሰብ ጥያቄ ሲሆን፣ የዘመዱ ቋንቋ በላቲን ፊደል የማይጻፍ ከሆነ ስሙና አድራሻው በገዛ ፊደሉ እንዲሰፍር የሚጠይቅ ቦታ አለው። ሳጥኖቹ የተዘጋጁት ለላቲን ፊደል በተሠራ ፎንት ስለሆነ፣ በግዕዝ ሲጻፍባቸው በሞከርሁባቸው መሣሪያዎች ፊደሉ ወይ ባዶ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ወይ ከነጭራሹ አይታይም። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ መፍትሔውን ያገኘሁት ከመመሪያው ነው፤ በታይፕ ወይም በጥቁር ቀለም በእጅ መጻፍ ይቻላል ይላል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ በኮምፒውተር ሞልቼ ካተምሁ በኋላ፣ ያንን ቦታ በጥቁር እስክሪብቶ በጥራት ጻፍሁት፤ ገጹንም ስካን አድርጌ ለልጃቸው ላክሁላቸው።

የተሞላ ቅጽ ከመላኩ በፊት በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ማየትን አሁን የማላልፈው ልማድ አድርጌዋለሁ። አንዳንድ መሣሪያዎች የተጻፈውን በሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡታል እንጂ መልኩን በገጹ ላይ ስለማይሥሉት፣ በአንዱ ሞልቶ የታየው በሌላው ባዶ ሊመስል ይችላል። በፋየርፎክስ የሞላሁትን በክሮም፣ በክሮም የሞላሁትን በአክሮባት ሪደር እከፍተዋለሁ። የማይታይ ነገር ካለ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ባለው ወደ ፒዲኤፍ ማተሚያ እንደገና አትሜ ጽሑፉ ከገጹ ጋር እንዲዋሐድ አደርጋለሁ። ባርኮድ ያለው ወይም በዲጂታል የተፈረመ ቅጽ ግን በዚህ መንገድ መታተም የለበትም፤ ውስጡ ያለው መረጃም ሆነ የፊርማው ማረጋገጫ ይጠፋል።

አሁን እየፈተንሁ ያለሁት ስልክ ብቻ ላላቸው ሰዎች የሚሆነውን ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ እስከ ደብረ ብርሃን ለአንድ ቅጽ ብሎ መምጣት ወጪውም ድካሙም ብዙ ነው፤ አክሮፎርም የሆነውን እዚያው ባሉበት በአንድሮይድ አክሮባት ሪደር መሙላት እንደሚቻል አይቻለሁ፣ ኤክስኤፍኤውን ግን በስልክ የሚከፍት ነፃ መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። በዚህ ላይ፣ በተለይም ግዕዝን በአክሮፎርም ሳጥን ውስጥ በትክክል በሚያሳይ መሣሪያ ላይ የሠራችሁበት ካላችሁ፣ የፕሮግራሙን ስምና የእትሙን ቁጥር ጨምራችሁ ብታካፍሉኝ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬ ውጤቱን እጽፋለሁ።