«አባሪ 1»፦ በአዳማ አሮጌ የብር ኖት ስሰበስብ፣ ደረጃ ሳወጣና ስሸጥ ያየሁት

አሮጌ የብር ኖት ሰብስቦ፣ ደረጃውን ለይቶ መሸጥ አዳማ ላይ ተቀምጦም የሚቻል ሥራ ነው፤ እኔም ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ለዓመታት ይዤዋለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ሥራው እንደሚቻል ለመመስከር አይደለም። ኖቱን ለደረጃ ምዘና፣ ማለትም የጥራት ቁጥር እንዲሰጠው፣ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ያሰበ ሰው ካለ፣ የትኛውም መስኮት ፊት ከመቆሙ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው። በየመጽሐፉና በየቪዲዮው የሚሰጠው ምክር «ዋጋ ያለውን ኖት ሁሉ ለመዛኝ ድርጅት ላክ» የሚል ነው። መካሪዎቹ የሚኖሩት ፖስታ መላክ የግማሽ ቀን ጉዳይ እንኳ በማይሆንበት አገር እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መሰብሰቡ ቀላሉ ክፍል ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። አዳማ የባቡርና የንግድ ከተማ ሆና የኖረች ናት፤ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ፣ በተዘጋ ሱቅ መሳቢያ፣ በዳዊት ገጾች መካከል ሳይመነዘር የቀረ ብር አይጠፋም። ብዙው የቀረው ደርግ በ1969 ዓ.ም. የንጉሡን ኖት ሲቀይር፣ ኋላም በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ የእኛም ኖት ሲለወጥ ነው። ባለቤቶቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ከልብስ ስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥቅል አውጥተው «ልጄ፣ ይሄ ዛሬም ይመነዘራል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ባንክ እንደማይመነዝረው፣ እኔ ግን ከተጻፈበት ዋጋ እጅግ አብልጬ እንደምገዛቸው በግልጽ ነገርኳቸው። ይህን የማደርገው ለጽድቅ ብቻ አይደለም። እውነቱን የተነገራቸው እናት ጎረቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የተታለሉት ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሉ።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ነገር እንዲለይ ነው። የመጀመሪያው በ1937 ዓ.ም. የወጣው የንጉሡ ዘመን ኖት ነው። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ያለበት ባለ አንድ ብሩ የሚፈረጀው በፊርማው ነው፦ ብሎወርስ፣ ቤኔት ወይም ሮዜል። ሦስቱም በየተራቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክን የመሩ አሜሪካውያን ናቸው፤ የፈረመውን ሰው ሳያነብ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን አያውቅም። ሁለተኛው በ1969 ዓ.ም. የወጣው የደርግ ዘመን ኖት ነው። እሱ በብዛት ስለሚገኝ ዋጋ የሚኖረው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኖት ለውጡ ሲታወጅ፣ ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ያለውን ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ባንክ መልሱ ተባልን። እኔ ከየዓይነቱ ያልታጠፈውን መርጬ አስቀረሁ። ዘመዶቼ ሳቁብኝ፤ የሳቁት ሰዎች ዛሬ ያንን ኖት ለልጆቻቸው ማሳያ ከእኔ ይገዛሉ።

ደረጃ ማውጣት ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። መዛኝ ድርጅቶቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ እስከ 70 ይደርሳል፦ 60 እና ከዚያ በላይ በእጅ ያልዞረ፣ ከ50 እስከ 58 ለጥቂት ያመለጠው፣ 40 እና 45 ጥቂት እጥፋት ያረፈበት፣ ከ20 እስከ 35 የዞረ ግን አካሉ ያልተጎዳ፣ ከዚያ በታች ገበያ ያደቀቀው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ የጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮትና ማጉያ መነጽር ነው። ኖቱን ፊት ለፊት ብቻ አትዩት፤ ከዓይናችሁ ጋር አግድም አድርጋችሁ ብርሃኑ በገጹ ላይ እንዲንሸራተት አዘንብሉት። ፊት ለፊት ሲታይ ምንም የሌለው የሚመስል ኖት፣ በጎን ብርሃን መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ያወጣል። ያ መስመር አንድ ጊዜ ታጥፎ ኪስ የገባበት ቀን ነው፤ እሱ ካለ 60 የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ማዕዘኖቹን፣ ቀጥሎ የመርፌ ቀዳዳን፣ በመጨረሻ ገንዘብ ቆጣሪ በእስክሪብቶ የጻፈውን ቁጥር ፈልጉ።

ከሁሉ የምጠላው የተተኮሰ ኖት ነው። አንዳንድ ሻጮች ኖቱን በሳሙና አጥበው፣ በነጭ ጨርቅ መካከል አድርገው በካውያ ይተኩሱትና «አዲስ ነው» ይላሉ። በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። የጥሩ ኖት ዋናው ሥዕል ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይሻክራል፤ የተከታታይ ቁጥሩም ኅትመት ከጀርባ በኩል ጥቂት ከፍ ብሎ ይታወቃል። ካውያ ሁለቱንም ደልድሎ ያጠፋቸዋል። እንዲህ ያለ ኖት ይዞ ከሚመጣ ሻጭ ሌላውንም አልገዛም።

ማስቀመጫን በተመለከተ የአዳማ ሙቀትና አቧራ ቀልድ አያውቅም። በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ለስላሳ፣ ሽታ ያለው የፒቪሲ ፕላስቲክ በሙቀት ቅባት እያወጣ ወረቀቱን ያበላሻል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዙት። ጠንከር ያለው፣ ሽታ የሌለው የፖሊስተር መያዣ ተወደደ ቢባልም አንድ ኖት ካተረፈ ዋጋውን መልሷል።

እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ በሰላም የሄደ ነው።

ለምዘና የመረጥኳቸው ኖቶች ሁለት ነበሩ፦ የቤኔት ፊርማ ያለበት የ1937ቱ ባለ አንድ ብር፣ እና በጀርባው ማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው ያለበት የ1969ኙ ባለ መቶ ብር። መቶ ብሩ ያልታጠፈ ነበር፤ በጎን ብርሃን ደጋግሜ አይቼ፣ በራሴ ሚዛን ከ63 እንደማያንስ እርግጠኛ ነበርኩ። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ ላይ ያለው ፒኤምጂ የሚባለው መዛኝ ድርጅት ቁጥሩን ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ ቢያሽገው፣ ውጭ ላለ ሰብሳቢ ብዙ ሳልደክም እሸጠዋለሁ ብዬ አሰላሁ። ይህ የሆነው የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ነው፤ የምዘናውም የመላኪያውም ዋጋ በዶላር ስለሚሰላ ነገሩን ልብ በሉት።

የዕቃ ላኪው ድርጅት ልጅ ትሑት ነበር። ኖቶቹን አይቶ «ጋሼ፣ ገንዘብ አንልክም» አለኝ። መገበያያነቱ ከቀረ ዘመን እንዳለፈው፣ በዚህ ብር ዳቦ እንኳ እንደማይገዛ አስረዳሁት። አገላብጦ አየና «ብር ይላል እኮ» አለ። ገንዘብ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንክ ካመጣሁ እንደሚቀበለኝ ነገረኝ፤ ተገቢ መስሎኝ አመስግኜው ወጣሁ።

ባንክ ቤት ያገኘሁት ኃላፊ ደግሞ ባንኩ ደብዳቤ የሚጽፈው ስለ ገንዘብ እንደሆነ፣ ይህ ደግሞ ገንዘብ እንዳልሆነ ነገረኝ። «ታዲያ ይህንኑ ይጻፉልኝ» አልኩት። ገንዘብ አለመሆኑን ለመጻፍ እውነተኛ ኖት መሆኑ መጣራት እንዳለበት፣ ማጣራት የሚቻለው አዲስ አበባ እንደሆነ፣ አዲስ አበባም ሐሰተኛ መሆኑ የተጠረጠረ ኖት ካልሆነ እንደማይመረምር አብራራልኝ። ሐሰተኛ ነው ብዬ ብጠረጥር ግን ወዲያው ሊወርሰው ይችል ነበር። ያን ቀን በትራፊክ መብራቱ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀረ።

ሦስተኛው ቢሮ የሄድኩት «ቅርስ ሊሆን ይችላል» ተብዬ ነው። እዚህ ላይ ሕጉን አልቃወምም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉ ትክክል ነው፤ ምን ያህል ብራናና መስቀል እንደወጣብን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቃወምም። የተቃወምኩት አሠራሩን ነው። ባለሙያዋ «ቅርስ ከሆነ አይወጣም፤ ቅርስ ካልሆነ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ ማመልከቻ ጽፌ፣ ዋናውን ከአባሪ ጋር እንዳቀርብ ተነገረኝ። የማስታወቂያ ሰሌዳውም ላይ በትልቁ የተጻፈው «ዋናውን ይዘው ይቅረቡ» የሚል ነበር።

ይዤ ቀረብኩ። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ መቶ ብሩን ከነመያዣው ተቀበለኝና ፕላስቲኩ እንደሚያንጸባርቅ፣ ቁጥሩም እንደማይነበብለት ነግሮኝ አፍ ከመክፈቴ በፊት ጎትቶ አወጣው። ጣቱን በምላሱ አርሶ ገልበጥ አደረገው። «ወንድሜ፣ ቀስ» አልኩ። ኖቱን ማመልከቻዬ ላይ ደርቦ፣ ስቴፕለሩን በግራ ማዕዘኑ ላይ አስቀምጦ፣ በመዳፉ ጫን አለው። ድምፁ ትንሽ ነበር። ሽቦው በማዕዘኑ ላይ ባለው ጌጥ በኩል ገብቶ በማመልከቻው ጀርባ ታጠፈ። ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በኖቱ ነጭ ጠርዝ ላይ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «አባሪ 1» ብሎ ጻፈ። ምን እንዳደረገ ስነግረው በእውነት ግራ ተጋባ፤ «እንዳይጠፋብዎት ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አንብቤያለሁ። የህንድ ባንኮች እሽግ ኖት በስቴፕለር ያያይዙ ስለነበር፣ በህንድ ኖት ላይ የሽቦ ቀዳዳ ሲገኝ ሰብሳቢዎች ይቅር ይሉታል። ለኢትዮጵያ ኖት እንዲህ ያለ ይቅርታ የለም። መዛኙ የሽቦ ቀዳዳውንም የእስክሪብቶ ጽሑፉንም በመለያው ላይ ይመዘግበዋል፤ ያንን ያነበበ ገዢ ቁጥሩን ሳያይ ገጹን ያልፋል። ጽሑፉን ላጥፋው የሚል ሰው ደግሞ ወረቀቱን ይፍቃል፤ እሱ ከጽሑፉ የባሰ ነው።

ማመልከቻው መልስ ያገኘው ብዙ ተመላልሼ ነው። የመጣው ደብዳቤ ቢሮው በበኩሉ ተቃውሞ እንደሌለው ይገልጽና አድራሻው «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ዕቃ ላኪው ዘንድ ስወስደው፣ በስማቸው ያልተጻፈ ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። በዚህ መሐል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ልልክበት የያዝኩት ገንዘብ ግማሽ መንገድ እንኳ የሚያደርሰኝ አልሆነም። ተውኩት።

ከዚህ በኋላ የደረስኩበትን ሐሳብ የማይቀበሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ግድ የለኝም። አገር ውስጥ ለሚሸጥ ኖት የውጭ አገር ምዘና አያስፈልግም። እዚህ ያለ ገዢ ኖቱን መዳሰስ ይፈልጋል፤ በፕላስቲክ የታሸገ ነገር ይጠራጠራል፤ ልክም ነው። ደረጃውን ራሳችሁ ስጡ፣ ከምታስቡት ዝቅ አድርጋችሁ ስጡ፣ ጉድለቱን ገዢው ሳያየው እናንተ አሳዩት። ቢሮ መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ዋናውን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሰሌዳው የፈለገውን ይበል። የሁለቱን ገጽ ባለቀለም ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ዋናው የት አለ?» ከተባላችሁ ቤት መጥተው እንዲያዩት ጋብዟቸው። የሚመጣ አይኖርም።

«የተጎዳ ኖት አትግዙ» የሚለውንም ምክር አልከተልም። ከእኔ ቶሎ የሚሸጠው ንጹሑ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ሰው የአባቱን ዘመን ብር በእጁ መያዝ ሲፈልግ የዞረውን፣ የለሰለሰውን ይመርጣል፤ የቡና ቤት ባለቤትም በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ርካሹን ይወስዳል። ንጹሑ መልካም ስም ያተርፍልኛል፣ በዞረው ወጪዬን እሸፍናለሁ። ዋጋ በስልክ አልናገርም፤ ኖቱን ያላየ ሰው የሚከራከረው ከራሱ ግምት ጋር ነው።

መቶ ብሩን እስካሁን አልሸጥኩትም። የጠየቀኝ ሰው ቢኖርም ሊሰጠኝ ያሰበው ደረጃው 25 የሆነ ኖት ዋጋ ነበር፤ ከስቴፕለሩ በፊት ምን እንደነበር የማውቀው እኔ ስለሆንኩ በዚያ ዋጋ አልለቀውም። የ1937ቱን ግን ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ከሚነግድ ሰው ጋር ተስማማሁ። ስለ ደረጃ ቁጥርም ስለ ምስክር ወረቀትም አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የቤኔትን ፊርማ ከሮዜል በምን እንደምለየው ነበር። ሌላ ኖት አውጥቼ ጎን ለጎን አሳየሁት፤ በማጉያው ረጅም ጊዜ አየና ሳይከራከር ከፈለ።