ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውስ?

የጉድጓዱን ጥልቀት የለካሁት በክንዴ ነው። እጄን ከተትሁ፤ ጣቶቼ ታች ያለውን ልል አፈር ሲነኩ የጉድጓዱ አፍ ክርኔ ላይ ደርሶ ነበር። ስፋቱ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ አይበልጥም። ሰርዶ ስለሸፈነው ቆሞ የሚያይ ሰው እንኳ አያየውም፤ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስማ ከየት አይቶት። ዳማዬ የግራ የፊት እግሩን የከተተው እዚያ ውስጥ ነው። አምና በጥር፣ በጥምቀት ማግስት፣ በሰፈራችን ሜዳ ላይ።

እኔ ትከሻዬ ወለቀ። ወጌሻ መለሰልኝ፤ አሁን ደህና ነኝ፣ ብርድ ሲሆን ብቻ ይጠዘጥዘኛል። ዳማው ግን እግሩ ወለም ብሎት ወራት አነከሰ። በእኛ በአዊ ፈረስ ለጌጥ ብቻ አይያዝም፤ ያርሳል። የወንድሜን የድንች ማሳ በየዓመቱ የሚያርሰው ይኸው ዳማ ስለነበር ወንድሜ ዘንድሮ የሰው ፈረስ ለምኖ አረሰ። አንድም ቃል አልተናገረኝም። ዝምታው ከበደኝ።

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን ወሬው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ይጠይቀኛል፤ ጠያቂ ሁሉ የራሱን ምክንያት ይዞ ይመጣል። አንዱ «ልጓሙን አጥብቀህ ያዝኸው» ይለኛል። ሌላው «ገብስ አልጠገበም፣ ጉልበት አንሶት ነው» ይላል። አጎቴ ደግሞ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው «ልጄ፣ አባትህ በዚያ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ሲጋልብ አንድ ቀን አልወደቀም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አልወደቀም። እንግዲህ ሜዳው ያኔ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

እንጅባራ ላይ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ እጠግናለሁ። ጋራዤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጥር ሲቃረብ እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ስለ ሞተር ማውራት ይተዋል። ዘይት የሚቀይረውም፣ ጎማ የሚያስለጥፈውም ወሬው ፈረስ ነው። የማን ፈረስ ሰጋር ነው፣ የማን ፈረስ አፉ ደንድኖ ልጓም አልሰማ ብሏል፣ ለጉግስ ማን ከማን ጋር ይሰለፋል። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ። በዓሉም በጊዮርጊስ ቀን፣ ጥር 23 ነው። ያን ቀን እንጅባራን ያየ ሰው ፈረስ ለእኛ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። የኔ ነገር ግን ስለ ታላቁ በዓል አይደለም። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ በየሰፈሩ ስለምንጋልብበት ሜዳ ነው። ፈረሱም ፈረሰኛውም የሚለምደው እዚያ ነው፤ የሚሰበረውም እዚያ ነው።

የሰፈራችንን ሜዳ ላስረዳ። ርዝመቱ መጋለቢያ ይበቃል። ችግሩ ወርዱ ነው። በአንድ በኩል ቀድሞ ግጦሽ የነበረው ዛሬ ዲከረንስ ተተክሎበታል። በፋግታ ለኮማ በኩል የጀመረው የከሰል ዛፍ አሁን እኛም ጋ ደርሷል። በተከለው ሰው አልፈርድም፤ ከሰሉ ልጆች አስተምሯል፣ ቤት አሠርቷል። ሜዳው ግን በየዓመቱ እየጠበበ ነው። በሌላው በኩል ውኃ የሚተኛበት ረግረግ አለ። መሐል ላይ እንደ ቀበቶ የተዘረጋ አንድ ደህና መሬት ይቀራል፤ ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን ቢሄድበት ነው።

እንግዲህ ግልቢያው ምን እንደሚመስል አስቡት። ሲለቀቁ ያችን ቀበቶ ቀድሞ የያዘ አሸነፈ። የኋላው አቧራ እየጠጣ ይከተላል። ልለፍ ብሎ ወደ ቀኝ ቢወጣ ረግረጉ ደርቆ የተወው የከብት ኮቴ ይጠብቀዋል፤ ወደ ግራ ቢወጣ የፍልፈል አፈር። ስለዚህ አያልፍም። ፈረሱ ጉልበት እያለው፣ እሱ ወኔ እያለው፣ ልጓም ስቦ ከኋላ ይደርሳል። ሕዝቡም እልል ይላል፤ ፊት የደረሰውን ያሞግሳል። እኔ ይኸን ውድድር አልለውም። ተራ ጠብቆ መድረስ ነው። አምና የኔ ጥፋት ካለ አንድ ነው፤ ፈረሴ እንደሚያልፍ ስላወቅሁ ወደ ግራ ወጣሁ።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ጋራዥ መጣ። «አጎቴ፣ ይችን ሞተር እይልኝማ፣ ፍሬን የላትም» አለኝ። አላመንሁትም። ቪዲዮውን አቁመን፣ አስፍተን፣ ከፊትም ከኋላም አየን። እውነትም የለም። ውድድሩን ስፒድዌይ ይሉታል። ሞተሯ ባለ 500 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በሜታኖል የሚሠራ፣ ማርሹ አንድ ብቻ። አራት ሆነው በአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሮጣሉ፤ የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ነው። የግራ ጫማቸው ሥር ብረት አለ፤ ኩርባው ላይ እግራቸውን አፈር ላይ እየጎተቱ፣ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ ይጠመዘዛሉ። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1፣ መጨረሻው ባዶ። ፖላንድ ውስጥ ይኸን ለማየት ስታዲየም ይሞላል።

ልጁ ሞተሯን ነበር የሚያየው። እኔ ዓይኔ የቀረው ትራክተሩ ላይ ነው። ጥቂት ውድድር ከተካሄደ በኋላ ሯጮቹ ይወጡና ትራክተር ይገባል፤ የተበተነውን አፈር መልሶ ያለብሳል፣ ይደለድላል። ከኋላው የውኃ መኪና ያረጥባል። ከዚያ እንደገና ይሮጣሉ። ደጋግሜ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። ጎማዎቹ አፈሩን ወደ ውጭ ይረጩታል፤ ውጭ በኩል ልል አፈር ይከማቻል። የኋላው ሯጭ ደፋር ከሆነ ሰፋ አድርጎ ይዞርና ጎማው ያን አፈር ነክሶ ይገፋዋል፤ ውስጥ ውስጡን የሚሄደውን ያልፈዋል። አፈሩ ካለቀና መሙ እንደ ሲሚንቶ ወለል ከደነደነ ግን ማለፊያ የለም፤ መጀመሪያ ኩርባ ላይ የቀደመ እንደቀደመ ይጨርሳል። ውኃ ሲበዛም ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ የዚያ አገር ተመልካች በሯጩ ብቻ አይከራከርም፤ በአፈሩም ይከራከራል። ረጠበ፣ ደረቀ፣ ተቦረቦረ እያለ። ክርክሩን ወደድሁት። እኛ የጎደለን እሱ ነው።

ወሬውን ጋራዥ ውስጥ ጀመርሁት፤ ከዚያ ሰንበቴ ላይ ተነሣ። ያልጠበቅሁትን ያህል ጦፈ።

ወጣቶቹ «ዳምጠው እናምጣ» አሉ። ግሬደር ይግባ፣ ሰሌክት የሚሉት የመንገድ ጠጠር ይፍሰስ፣ ዳምጠው ይጠቅጥቀው፣ አንዴ ተሠርቶ ይለቅ። አንዱ የመንገድ ሥራ ላይ የነበረ ልጅ ዋጋውን ሁሉ አሰላ። በዚህ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ፈረሳችን ብረት አይጫማም። ሰሌክት ላይ ሽምጥ ያስጋለብኸው ፈረስ በሁለተኛው ቀን ኮቴውን መሬት ለማስነካት ይፈራል፤ ጠጠሩ ውስጡን ይወቅጠዋል። በዳምጠው የተጠቀጠቀ መሬት ደግሞ አይመልስም፤ የፈረሱ ክብደት ሁሉ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀራል። አስፋልት ላይ የሚሄድ ፈረስ ድምፁን ስሙት፣ ከዚያ ሣር ላይ ሲሄድ ስሙት። ልዩነቱ ጆሮ ላይ ብቻ አይደለም፤ አጥንቱም ላይ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሌላ በኩል ነበሩ። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ በወጣትነታቸው በጉግስ ማንም የማይችላቸው ነበሩ ይባላል፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሜዳ ይሠራል እንዴ? ሜዳ የእግዜር ነው። እናንተ ፈረስ መግሩ። ደህና ፈረስ ጉድጓዱን ራሱ ያየዋል» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም በአክብሮት ነው የመለስሁት፤ «አባቴ፣ በእርስዎ ጊዜ ሜዳውን የሚጠብቅ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «ነበር እንጂ። ክረምት ከብት አይገባበትም ነበር፤ የገባ ከብት ባለቤት ይቀጣ ነበር» አሉ።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። ሜዳው የሚበላሸው በጥር አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የእኛ አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ መሬቱ እንደ ሊጥ ይሆናል። ከብቱ በዚያ ሊጥ ላይ ይውላል። እያንዳንዱ ኮቴ አንድ ጉድጓድ ይተዋል። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ያ ሁሉ ኮቴ እንዳለ ይደርቃል፤ ጠርዙ እንደ ገል ይስላል። በጥር ፈረስ የሚረግጠው እሱን ነው። ፍልፈሉም እንዲሁ። አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው ቁልሉን እያወጣ የሚቦረቡረው፤ እኛ ግን ቁልሉን የምናየው በዓል ሲደርስ ነው። ያኔ በአካፋ ደልድለን «ሠራን» እንላለን። ቁልሉን መደልደል ጉድጓዱን መሸፈን ነው እንጂ መድፈን አይደለም። እንዲያውም ይብሳል፤ ቁልሉ ቢታይ ፈረሱም ሰውም ይሸሸው ነበር።

አምና በጥር መጀመሪያ ሜዳውን ደልድለናል። እኔም ነበርሁ፤ አካፋ ይዤ። ያን ጉድጓድ ምናልባት የሸፈንሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሰንበቴው ላይ ያልሁት ይኸን ነው። ጉድጓድ የሚደፈነው በኅዳር ነው፤ አፈሩ ገና እርጥበት ይዞ ሳለ። በጥር በደረቅ አፈር የሞላኸው ጉድጓድ የመጀመሪያው ፈረስ ሲረግጠው አቧራ ሆኖ ይወጣል። በኅዳር ግን ጉድጓዱን እስከ ታች ትከፍተዋለህ፣ ቀይ አፈር በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርህ በእንጨት ትወቅጠዋለህ፣ ከላይ ሣሩን ከነሥሩ መልሰህ ትተክላለህ። በጥር ሥር ይዞ ይጠብቅሃል። ይኸን ቤቴ ጓሮ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ በአራት ጉድጓድ። ዳማውን እላዩ ላይ አመላልሼ አየሁት፤ አንዱም አልሰጠመም።

ረግረጉን በተመለከተ አንድ ቦይ ይበቃዋል። ጥልቅ አይሁን፤ ውኃው ወደ ወንዙ እንዲወርድ ብቻ። ያ ከሆነ በቀኝ በኩል ሌላ ሁለት ፈረስ የሚያስኬድ መሬት እናገኛለን። ያኔ የኋላው የሚያልፍበት መንገድ አለው። ፈረስ መሆኑና ፈረሰኛ መሆኑ የሚታየው ያኔ ነው። ስግሪያውም፣ ጉግሱም ይለወጣል። አሁን ጉግስ ስንጫወት ሸሺው የሚሸሽበት አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ አሳዳጁም ያውቀዋል፣ ዘንጉን ቀድሞ እዚያ ይወረውራል። መመከት እንጂ ማምለጥ ቀርቷል።

ከባዱ የከብቱ ነገር ነው። ክረምቱን ሜዳው ይዘጋ ማለት ግጦሽ የሌለውን ሰው ላምህን አስራብ ማለት ነው። አንዲት እናት፣ አንድ ላም ብቻ ያላቸው፣ «እናንተ ልትጋልቡ የኔ ላም ትሙት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ መልስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። በመጨረሻ የተስማማነው ግማሹን ነው። ረግረጉ በኩል ያለው ለከብቱ ክፍት ይሁን፣ መሐሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘጋ፣ ከመሐሉ የሚታጨደው ሣር መጀመሪያ አንድና ሁለት ከብት ላላቸው ይሰጥ። ይሠራ እንደሆነ የሚታየው በመጪው ክረምት ነው። ላሚቱ ከተጎዳች ግን ሜዳው ይከፈት ከሚሉት እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ዳምጠው የሚሉት ልጆች አሁንም አልተዋጠላቸውም። የእህቴ ልጅ ከነሱ አንዱ ነው። ትናንት ማታ እንኳ «አጎቴ፣ እነዚያ ፖላንዶች በትራክተር አይደል እንዴ የሚሠሩት?» አለኝ። ትራክተሩ መሬቱን ለማደንደን ሳይሆን አፈሩን ለመመለስ ነው የሚገባው ብዬ ቪዲዮውን መልሼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየ። ከዚያ «በቃ አካፋ አመጣለሁ» አለ።

እኒያን አባት ትናንት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ አየኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። በዝግታ እየሄዱ በትራቸውን ሣሩ ውስጥ ይወጋሉ፤ በትሩ የሰጠመበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብለው የዕንጨት ችካል ይተክላሉ። ልረዳቸው ብዬ ስጠጋ ችካሎቹን ሰጡኝና እሳቸው መውጋታቸውን ቀጠሉ። እስኪመሽ አብረን ሄድን። ሜዳው አሁን ችካል በችካል ነው፤ ገና ከግማሽ በላይ ይቀረናል።

ለሰፈሬ ሰዎች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምንጀምረው። ዶማ ሦስት እኔ ዘንድ አለ፣ አካፋ ግን ያንሰናል። አህያ ያለው ቀይ አፈር መጫኛ ይዞ ይምጣ። ችካሎቹን እባካችሁ ልጆች አይንቀሏቸው።