የጉበት ጥንካሬ ልኬት የሚታመነው መቼ ነው?

የሄፓታይተስ ቢ ክትትል ያላቸው ሰዎች የፋይብሮስካን (የጉበትን ጠባሳ ለመገመት ጥንካሬውን የሚለካ መሣሪያ) ውጤታቸውን ሲያሳዩኝ ዐይናቸው ያለው በጉልህ የታተመው ቁጥር ላይ ነው። «ዶክተር፣ ባለፈው 6.8 ነበር፣ አሁን 8.1 ሆነ፤ ጉበቴ እየተጎዳ ነው ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ከቁጥሩ ጎን በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነባለሁ፤ ከዚያም ከምርመራው በፊት ምግብ በልተው እንደነበር፣ የጉበት ኢንዛይማቸው ስንት እንደነበረ እና ሁለቱም ልኬቶች በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተወሰዱ መሆናቸውን እጠይቃለሁ። እነዚህ ካልታወቁ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ስለ ጉበቱ ብዙም አይናገርም።

መሣሪያው ጥንካሬን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው የሞገድን ፍጥነት ነው። ኢኮሴንስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በሚያመርተው ፋይብሮስካን የፕሮቡ (ቆዳ ላይ የሚደገፈው የመሣሪያው ክፍል) ጫፍ ቆዳውን መታ ሲያደርግ 50 ኸርዝ ድግግሞሽ ያለው ንዝረት ወደ ውስጥ ይጓዛል፤ አልትራሳውንዱም ይህን ንዝረት ከቆዳ በታች ከ25 እስከ 65 ሚሊሜትር ባለው ጥልቀት እየተከታተለ ፍጥነቱን ያወጣል። ጠባሳ የበዛበት ጉበት ውስጥ ንዝረቱ ይፈጥናል። የጥንካሬው መለኪያ የሆነው ኪሎፓስካል የሚሰላው ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን ደግሞ በሦስት በማባዛት ስለሆነ፣ በሴኮንድ 1.5 ሜትር የተጓዘ ሞገድ 6.75 ኪሎፓስካል ሲሰጥ በሴኮንድ 2 ሜትር የተጓዘው 12 ይሰጣል። ፍጥነቱ ሲለካ የ10 በመቶ ስህተት ቢፈጠር ኪሎፓስካሉ ላይ ስህተቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። አንዳንድ የአልትራሳውንድ ማሽኖች ውጤቱን በሜትር በሴኮንድ ስለሚጽፉት፣ ከ7 ወደ 1.6 «ወረደልኝ» ብሎ ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ በስሌቱ ግን 1.6 ማለት 7.7 ኪሎፓስካል ገደማ ነው።

ለምርመራው ታካሚው በጀርባው ተንጋሎ ቀኝ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል፤ ይህም በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋዋል። ፕሮቡ በዚያ ክፍተት ላይ ሳይዘነበል ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። 10 ተቀባይነት ያላቸው ልኬቶች ከተወሰዱ በኋላ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የእነዚህ ሚዲያን (በመጠን ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው ቁጥር) ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው አይ ኪው አር ደግሞ ልኬቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ያሳያል። ሚዲያኑ 8.2፣ አይ ኪው አሩ 1.4 ከሆነ መራራቁ የሚዲያኑ 17 በመቶ ነው፤ በዚህ እተማመናለሁ። ሚዲያኑ ያው 8.2 ሆኖ አይ ኪው አሩ 4.1 ከሆነ ግን 50 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለውን ምርመራ እንዲደገም አዛለሁ። ወሰኑ 30 በመቶ ሲሆን፣ ውጤቱ በሜትር በሴኮንድ ከተጻፈ 15 በመቶ ነው። አይ ኪው አር ጭራሽ ያልተጻፈበት ወረቀትም ያጋጥማል፤ በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ወረቀት ለውሳኔ መቅረብ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ትልቅ የፈረንሳይ ጥናት 13,369 ምርመራዎችን ተመልክቶ በ3.1 በመቶው ምንም ልኬት እንዳልተገኘ፣ 15.8 በመቶው ደግሞ የማይታመን እንደነበር አሳይቷል። ዋነኞቹ ምክንያቶች ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የመርማሪው ልምድ ማነስ ነበሩ። ለወፍራም ሰዎች ኤክስ ኤል የተባለው ፕሮብ ችግሩን በእጅጉ አቃልሎታል። በሆድ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ ግን ንዝረቱ በፈሳሹ ውስጥ ስለማያልፍ ፋይብሮስካን አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ልኬቱ በትክክል ተወስዶ፣ አይ ኪው አሩም አምሮ፣ ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ነገር ጠባሳ ሳይሆን ሲቀር ነው። ሰው ሲመገብ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ጥንካሬውም ይጨምራል፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለሦስት ሰዓት አለመብላት ያስፈልጋል። ቫይረሱ አገርሽቶ ኢንዛይሙ ሲያሻቅብ ብግነቱ ብቻውን ቁጥሩን እስከ ሲሮሲስ፣ ማለትም እስከ ከባድ የጉበት ጠባሳ፣ ደረጃ ሊያደርሰው ይችላል፤ ብግነቱ ሲበርድ ቁጥሩም ይወርዳል። የሐሞት ቱቦ መዘጋትም እንዲሁ ያደርጋል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ጉበት ደም ስለሚቋጥር ይጠነክራል፤ የቁርጥማት ልብ ሕመም በሚበዛበት አገራችን ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

የመሣሪያ ልዩነትም አለ። አንድ ሰው በፋይብሮስካንና በሌላ አምራች አልትራሳውንድ ላይ ባለ ሸር ዌቭ ኢላስቶግራፊ (ጥንካሬን በሞገድ ፍጥነት የሚለካ ዘዴ) በአንድ ቀን ቢለካ የተለያየ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል፤ ሞገዱ የሚፈጠርበት መንገድና ድግግሞሹ አንድ አይደሉምና። ክትትሉ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ከተቻለም በአንድ ማዕከል ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራውን የሚያስጥል አይደለም። ማወዳደሪያው ባዮፕሲ (በመርፌ የሚወሰድ የጉበት ናሙና) ራሱ ከጉበቱ 50,000ኛ ያህሉን ብቻ ስለሚወስድ፣ ያ ቁራጭ ሌላውን ክፍል ላይወክል ይችላል። ኢላስቶግራፊ ጠንክሮ የሚናገረው በሁለቱ ጫፎች ነው። ባቬኖ 7 በተባለው የጉበት ባለሙያዎች ስምምነት መሠረት በፋይብሮስካን ከ10 ኪሎፓስካል በታች የሆነ ሰው፣ ሌላ ምልክት ከሌለው፣ የከፋ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ከ15 በላይ ከሆነ በሽታው የመኖሩ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። በመካከል ያለው ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ፋይብሮስካንን ተጠቅሟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሕክምና ከሚያስጀምሩት መስፈርቶች አንዱ ከ7 ኪሎፓስካል በላይ መሆን ነው፤ 12.5ን ያለፈው ደግሞ እንደ ሲሮሲስ ይታያል። ወሰኑ ወደ 7 ሲወርድ ምሳ በልቶ የመጣ ሰው ያለ ምክንያት ለዓመታት መድኃኒት ሊጀመርለት ይችላል። በተቃራኒው፣ በጣና ዙሪያና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ ጠባሳ የሚጥለው በፖርታል ደም ሥሮች (ደም ከአንጀት ወደ ጉበት በሚያመጡት) ዙሪያ ስለሆነ፣ የቀረው የጉበት ሥጋ ለስላሳ ሆኖ ልኬቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሰው ጣፊያው ካበጠ ወይም ደም ካስመለሰ፣ ኪሎፓስካሉ 6 ቢልም እንኳ በኢንዶስኮፒ (ወደ ጉሮሮና ጨጓራ በሚገባ ካሜራ) እንዲታይ እልከዋለሁ።