ከእራት ጀመርኩ

ጫት ማቆም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ከጫቱ ነው የሚጀምረው። «ከዛሬ በኋላ አልቅምም» ይላል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሐራራው ይመጣል፣ ያዛጋዋል፣ ሥራ አይገባለትም፣ ሰው ሲያናግረው ይቆጣል። አሥር ሰዓት ላይ ኦቾሎኒውን ይዞ ተቀምጧል። እኔ የተሳካልኝ ከእራት የጀመርኩ ጊዜ ነው፤ እሱን ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት።

የድሮው ቀኔ እንዲህ ነበር። ምሳ ጠንከር አድርጌ እበላለሁ፣ ቅባት ያለው፣ ለጫቱ መደላድል እንዲሆን። ከዚያ ጓደኛዬ ቤት። በለጬ ከተገኘ በለጬ፣ ካልተገኘ ወንዶ ወይ ጉራጌ። ፍራሹ ተነጥፏል፣ ውሃው፣ ቡናው፣ ስኳሩ ቀርቧል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ሞቅ ያለ ነው። ምርቃናው ሲገባ ግን ሁሉም በየራሱ ዝም ይላል፤ አንዱ ቀንበጧን በጣቶቹ እያገላበጠ አቧራዋን ይጠርጋል፣ አንዱ በሐሳቡ ፎቅ ይሠራል። ማታ ቤት ስገባ እህቴ እራት አቅርባ ትጠብቀኛለች። ምግብ አይወርድልኝም። «ትንሽ ቅመስ እንጂ፣ በሞቴ!» ትለኛለች፣ ጉርሻዋን በውሃ ነው የማወርደው። እንቅልፍ ደግሞ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የለም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ ቁርስ አያምረኝም፣ ጭንቅላቴ ጭጋግ ነው። ሥራዬ ትርጉም ነው። በዚያ ጭንቅላት አንድ ገጽ አይገፋም፣ ስለዚህ ከሰዓት እንደገና ጫት። «ጫት ያሠራኛል» እል ነበር፣ እውነትም ያሠራኝ ነበር። ጠዋቴን ማን እንደወሰደው ግን አልጠየቅኩም።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በባሕርዩ ለአምፌታሚን በጣም የቀረበ ነው። ጫቱ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይዳከማል፣ በሁለት ቀን ገደማ አብዛኛው ካቲን ወደሚባለው ለዘብ ወዳለ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የጫት ገበያ የሚነሱት መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉት፣ ጫቱም እንዳይደርቅ በኮባ የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። ይኸው ካቲኖን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ የልብ ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ይህን ሳነብ ቀኔ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። መጀመሪያ የሚሄደው እራት ነው፣ እራት እንቅልፍን ይዞ ይሄዳል፣ እንቅልፍ ጠዋትን፣ ጠዋት ደግሞ ሥራን። እንግዲህ መመለስም ያለብኝ በዚያው ቅደም ተከተል ነው አልኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጫቱን አልተውኩም። ሰዓቱን ብቻ ቆረጥኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን እተፋለሁ፣ አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ጨብሲም የለም። ማታ ማታ ምርቃናውን ለመስበር የምንጠጣው ቢራ ራሱን የቻለ ሌላ ችግር ነበር፣ እሱ ሲቀር ብቻ ብዙ ነገር ቀለለ። ከበርጫ መሀል መነሳት ግን ከባድ ነው። «ገና ሳንመረቅን የት ልትሄድ ነው?» ይሉኛል። ታክሲውን ትቼ ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ዳገት ነው። ስድስት ኪሎን ሳልፍ ላብ፣ ከአሜሪካን ኤምባሲ ወዲያ ደግሞ ረሃብ። ያ ረሃብ ሲመጣ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! ማታ ላይ ለረጅም ጊዜ ርቦኝ አያውቅም ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከእህቴ ጋር ትሪ ፊት ተቀመጥኩ፣ ሽሮው ድስቱ ውስጥ ገና እየተንተከተከ። እሷ ምንም አላለችም፣ እንጀራ ብቻ ጨመረችልኝ።

ከዚያ አልጋ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ሳሎን ቀርቶ። መጀመሪያ አካባቢ እንቅልፉ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ቢሆንም መብራት አጥፍቼ እተኛለሁ። ቀስ በቀስ መጣ። የተኛ ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ እራት የበላ ሰው ደግሞ የሚገርመው ጠዋትም ይርበዋል። ፍርፍር በልቼ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት እተረጉማለሁ። የቀኑ ሥራ ምሳ ሳይደርስ ሲያልቅ «ያሠራኛል» የምለው ምክንያት በራሱ ጊዜ ወደቀ። ያኔ ነው ጫቱን መቀነስ፣ ከዚያም መተው የቻልኩት።

ዱካኩን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፣ ብዙ ሰው የሚመለሰው እሱን ፈርቶ ነውና። ስታቆም ቀን ቀን ሰውነትህ ይዝላል፣ ሌሊት ደግሞ ቅዠት ነው። ከገደል ትወድቃለህ፣ ደረትህ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጣል፣ ልትጮህ ትፈልጋለህ፣ ድምፅ የለም። እህቴ ስቃትት እየሰማች መጥታ ታነቃኝ ነበር። «ተነስ ወንድምዓለም፣ ቅዠት ነው፣ እኔ ነኝ» ትለኛለች፣ ውሃ ትሰጠኛለች፣ ትንሽ ቁጭ ትልና ትሄዳለች። አለፈ። እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ቅዠቱ ካልለቀቀ ወይም ሕይወት የሚያስጠላ ስሜት ከመጣ ግን ይህ በጀግንነት የሚቻል ነገር አይደለምና ብቻህን አትቀመጥ፣ ሐኪም ጋ ሂድ።

ሌላው የሚከብደው ሰው ማጣት ነው። በርጫ ላይ የነበረው ወዳጅነት ውሸት ነበር ብዬ አላምንም። እናቴ የሞተች ጊዜ ከጎኔ ያልጠፉት እነዚያ ልጆች ናቸው። ጫትንም በጅምላ ማውገዝ አልፈልግም፤ በሐረርጌ ስንቱ ገበሬ ልጆቹን የሚያሳድግበት ነው፣ በወሎም የዱአ ወግ ነው፣ እኔ የማወራው እኔን ስላደረገኝ ነገር ነው። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ፉል እንበላለን። ሁሉም አይመጣም። ከሚመጡት ጋር ግን የምንጫወተው ነገር ማታም ላይ ትዝ ይለኛል፣ ይሄ ለኔ አዲስ ነው።

ከሰዓቱን የሞላልኝ ደግሞ ጎረቤታችን ነው፣ ጡረታ የወጣ መምህር። «ጋሼ፣ አብሬዎት ልሂድ?» አልኩት አንድ ቀን፣ «ኧረ ደስ ይለኛል ልጄ፣ ና!» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ እንወጣለን፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ትንሽ ዐረፍ እንልና እንመለሳለን። እሱ ስለ ድሮ ተማሪዎቹ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። ሐራራው የሚመጣበት ሰዓት ያው ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

የሚቸግረኝ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት ከሰዓት ይዘንባል፣ ጋሼም ጉልበቱን ብርድ ስለሚያመው አይወጣም፣ ደመናው ከተማው ላይ ሲወርድ ደግሞ በርጫ በርጫ ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ ከእህቴ ጋር ተስማምተናል፤ ክረምቱን እራት የምሠራው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንኩርት መክተፍ እጀምራለሁ። ቁሌቱን ገና በደንብ አልቻልኩትም፣ እሷ ከሥራ ስትመጣ ቀምሳ ታስተካክለዋለች።