ጆሮ ላይ የሚቆነጠጠውን ማሽን ልግዛ ወይ ለምትሉኝ

ሥራዬ ሰው ሲተኛ እያዩ ማደር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል የሌሊት ቴክኒሻን ነኝ። ማታ የታካሚውን ፀጉር ከፈል ከፈል እያደረግኩ ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሮድ እለጥፋለሁ። ከዚያ እስኪነጋ የአንጎሉን ሞገድ ስክሪን ላይ እከታተላለሁ። ይሄን የሚያውቅ ሐበሻ ሰርግም ላይ ይሁን ለቅሶ ቤት ሲያገኘኝ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እህቴ፣ ያ ጆሮ ላይ የሚደረገው ማሽን እውነት ያስተኛል?»

ማሽኑ ስልክ የሚያክል ነገር ነው። ሁለት ክሊፖች አሉት፤ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ይቆነጠጣሉ። ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በጣም አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ሺህ ማይክሮአምፔር በታች። ጆሮን ቆንጠር ቆንጠር ያደርጋል፤ አንዳንዱን ሰው ራሱን ያዞረዋል ወይም ያመዋል። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይነካው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2019 መጨረሻ ከእነዚህ ማሽኖች ለጭንቀትና ለእንቅልፍ እጦት የሚውሉትን መካከለኛ የአደጋ ደረጃ ውስጥ መድቧቸዋል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት በሐኪም ትእዛዝ ነው። በ2018 ጥናቶቹን ሰብስበው የገመገሙ ተመራማሪዎች ግን ለእንቅልፍ እጦት ይጠቅማል ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብለዋል። እኔም ከዚያ አላልፍም። አይሠራም አልልም፤ ግን በሁለት ሥራ የሚንከራተት ሰው ብዙ መቶ ዶላር አውጥቶ በዚህ ሲጀምር አንጀቴ ይቃጠላል።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። «እንቅልፍ የለኝም» ብሎ የሚመጣው ሁሉ ችግሩ አንድ አይደለም። አንዱ ሰውዬ ያንኮራፋል፣ ድንገት ጸጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ የአፍንጫው መስመር ግን ጠፍጣፋ ነው፤ አየር አይገባም። የደሙ ኦክስጅን ከ94 በመቶ ወደ 82 ሲወርድ አያለሁ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው በረጅሙ ይስባል፤ አንጎሉ ለአፍታ ይነቃል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ጠዋት ስጠይቀው «ምን እንቅልፍ አለኝ ብለሽ ነው?» ይለኛል። ለዚህ ሰው ጆሮው ላይ የሚቆነጠጥ ክሊፕ ጉሮሮውን አይከፍትለትም። እሱ የሚያስፈልገው አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርገው ሲፓፕ ነው። ይሄኛውን ማሽን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ማንኮራፋት የሌለበት፣ ሐሳብ እያብሰለሰለ ሌሊቱን የሚገፋው ደግሞ አለ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ከክኒን በፊት ይቅደም ያለው የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምናን ነው። ከባድ አይመስልም፤ ሲያደርጉት ግን ይከብዳል። መኝታ ላይ የሚያሳልፉትን ሰዓት ማሳጠር፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ወርዶ ሲመጣ መመለስ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ያደክማሉ፤ መኪና የሚነዳ ሰው ከሐኪም ጋር ቢያደርገው ይሻላል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ያወጣው «ኢንሶምኒያ ኮች» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ይህንኑ በነፃ ያስተምራል፤ ወታደር መሆን አያስፈልግም።

ስለዚህ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁት፤ አንኮራፋለሁ ወይ? ትንፋሼ ቀጥ ይላል ወይ? አዎ ካለ ሐኪማችሁ የእንቅልፍ ምርመራ እንዲያዝላችሁ ንገሩት። ለብዙ ሰው ምርመራው ቤት ውስጥ፣ የራሱ አልጋ ላይ ሊሠራ ይችላል።