የእኛ በርሜል የገባበት ጥናት

ባዮሎጂ የምንማር ጥቂት ጓደኛሞች ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንገናኛለን። ተረኛው ስለ ጤና ወይም ስለ ሕይወት ሳይንስ የወጣ ዜና ይዞ ይመጣል። ተነጋግረንበት ስናበቃ እያንዳንዳችን ማታ ቤታችን ገብተን ያሰብነውን እንጽፋለን። እስካሁን የመጡልን ዜናዎች ሩቅ ሩቅ ነበሩ። ከአሳማ ተወስዶ ለሰው ስለተተከለ ኩላሊት አንብበናል፤ ለአንድ ሕፃን ብቻ ተብሎ ስለተዘጋጀ የዘረመል ሕክምናም እንዲሁ። አድንቀን ተለያየን። የዛሬው ግን የመጣው ከእኛው ከድሬዳዋ ነው። ተረኛው ገና ሁለተኛውን አንቀጽ ሳይጨርስ አንዱ ልጅ "አቦ፣ ይሄ እኮ ስለኛ ነው!" ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማን ሊለያይ፤ እዚያው መሸብን።

ያነበብነው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። ከመሪ ተመራማሪዎቹ አንዱ ዶክተር ፍጹም ታደሰ ናቸው፤ አዲስ አበባ በሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሚሠሩ የአገራችን ሰው። ነገሩ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። ለዚህ ምክንያት ሆኖ የተገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ሲሆን፣ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘ።

ከመካከላችን አንዷ የቀብሪ ደሃር ልጅ ናት። የከተማዋ ስም ሲነበብ ሁላችንም ዞረን አየናት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ "ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ማንም የነገረን የለም። ውሃችንን የምናጠራቅመው ቢርካ በምንለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እሱም ውስጥ ይራባል ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ይራባል። ብዙ ዓመት ስትጠጣው የኖረችው ውሃ በሳይንስ መጽሔት ሲጻፍ የሰማችው ዛሬ ነው፤ ይህ ነገር ከሁሉ በላይ ከነከነኝ። ስለ እኛ የተጻፈ ነገር እኛ ዘንድ የሚደርሰው ስንት አገር ዞሮ ነው።

2022 በእኛ አቆጣጠር 2014 መሆኑ ነው። ያን ዓመት በደንብ አስታውሰዋለሁ። የካቲት አካባቢ ታናሽ ወንድሜን ያንቀጠቅጠው ጀመር። እማዬ ሙቀቱ ነው አለች፤ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ወባን ያነሣ አልነበረም፣ በጋ ነዋ! የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ብቻ ተንጣሎ ነበር። ወባ ማለት ክረምቱ ሲወጣ፣ ዝናቡ ትቶት የሄደው ኩሬ ሲሞቅ የሚመጣ በሽታ እንደሆነ ከሕፃን እስከ አዋቂ ያውቃል፤ ትምህርት ቤትም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ለነባሩ ትንኝ፣ ለአኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ትምህርቱ ልክ ነው። እሱ የዝናብ ኩሬ ይፈልጋል። ይህኛው ግን ዝናብ አይጠብቅም፤ የሰው እጅ ያጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለሕንፃ ግንባታ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተጣለ ጎማ። ስለዚህ ሌላው አገር ወባ በሚያርፍበት ደረቅ ወቅት ከተማ መሀል ይሠራል። ወንድሜ ተመርምሮ ወባ ሲባል እማዬ ሁለት ጊዜ አስደግማ እንደጠየቀች ትዝ ይለኛል።

ተመራማሪዎቹ የሠሩበት መንገድ ያስደስታል። ወባ የተገኘባቸውን ሰዎችና ያልተገኘባቸውን ለይተው እየቤታቸው ሄዱ። አብረዋቸው የሚኖሩትን ሰዎች ደም መረመሩ፤ በግቢው ዙሪያ ትንኝና እጭ ያለበትን ውሃ ፈለጉ። ስቴፈንሳይና የሚራባበት ውሃ ባለበት ቤት ዙሪያ በወባ የመያዙ ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የወባው ጥገኛ ተሕዋስም ራሱ ትንኙ ውስጥ ታየ። ከተጠኑት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በክፍል የተማርነው የንጽጽር ጥናት ስልት፣ ያ ደረቅ የመሰለን ምዕራፍ፣ ጎረቤት ቤት ገብቶ ሲሠራ አየነው።

አሁን ወደ በርሜሉ ልምጣ።

ድሬ ያደገ ሰው ውሃ እንዴት እንደሚጠበቅ አይነገረውም። እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውም አንዳንዴ ይዘላል። ሌሊት ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር እማዬ ቀድማ ትነቃለች። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ወንድሜ። መጀመሪያ ጀሪካኑ፣ ቀጥሎ በርሜሎቹ፣ ግፊት ካለው በመጨረሻ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ። ሁለቱ በርሜሎች ከአያቴ የቀሩ ናቸው። አንዱ ክዳኑ ዝጎ ስለተበላ በቆርቆሮና በድንጋይ ነው የሚከደነው፤ ዳር ዳሩ ክፍት ነው። እማዬ በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ እነዚህን በርሜሎች ትጠብቃለች። የጠጣነውም የታጠብነውም፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ያፈላንበትም ከእነሱ እየተቀዳ ነው። ዛሬ ያ በርሜል የበሽታ መፈልፈያ ሆኖ ተጽፎ ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነበር። ጥናቱ ላይ ግን አልነበረም። ስለ ትንኙ ይህን ያህል ከታወቀ በኋላ ለሕዝቡ የሚነገረው "ዕቃችሁን ክደኑ፣ በየሳምንቱ ድፉና እጠቡ" ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው ያናደደኝ።

ምክሩ ሳይንስ አለው። በሞቀ ውሃ ውስጥ እንቁላል እጭ ሆኖ፣ ከዚያም ሙሽሬ (ከእጭ ቀጥሎ ያለው ደረጃ) ሆኖ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሳምንት አንዴ ከተደፋ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ማታ ይህን ለእማዬ ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝና፣ "እንድፋ? ቧንቧው በሳምንት አንዴ ሳይመጣ ምን ተማምኜ ልድፋ ልጄ?" አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ትንኙ የሰፈረው ውሃው የተቆራረጠበት ከተማ ላይ ነው። ቧንቧው ሁልጊዜ ቢፈስ በርሜል የሚያጠራቅም ሰው አይኖርም ነበር። እኔ እንደማምነው የውሃ መስመር መዘርጋት ራሱ የወባ መከላከያ ሆኖ ሊታሰብ ይገባዋል፤ ከአጎበሩ እኩል በጀት ተይዞለት፣ በጤና ዕቅዱ ውስጥ ተጽፎ። አጎበርማ በሙቀቱ ወራት ሰው ግቢ ውስጥ በሚያመሽባት ድሬ ላይ ምን ያህል ይረዳ ይሆን? ይህ ትንኝ ቤት ውስጥም ውጭም ይነክሳል፤ በጊዜ፣ ሰው ሳይተኛም ይነክሳል።

በዚያ ላይ በርሜሉ የሚያኖረው ይህን አንዱን ብቻ አይደለም። ዴንጊ የተባለው የትኩሳት በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን አዳረሰው። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ኤደስ የተባለው ትንኝ በእንዲህ ያለው ዕቃ ውስጥ ነው የሚራባው። እማዬ በቺኩንጉንያው ጊዜ ለወራት ደረጃ መውጣት ተስኗት ነበር፤ እስካሁን ጉልበቷን ስትነሣ ይዛ ነው። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም በርሜል ሦስት በሽታ ይከለክላል ማለት ነው።

ጥናቱ ከትንኙ ሌላ ያወጣው ነገር ደግሞ አለ፤ ሁላችንንም ዝም ያሰኘን እሱ ነው። በየጤና ጣቢያው ያለው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው ተሕዋሱ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ድሬ ላይ በተገኙት ተሕዋሶች ውስጥ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው አሉ። ሰውየው ወባ ይዞት መመርመሪያው የለም ሊል ይችላል። በዚሁ ላይ ከአርቴሚሲኒን መድኃኒት መላመድ ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥም ታይቷል። አርቴሚሲኒን ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት፣ ዛሬ የዓለም የወባ ሕክምና የተደገፈበት መድኃኒት ነው። ላብራቶሪ ሙያ ልትገባ የምታስብ ጓደኛችን፣ "እንግዲያው ማይክሮስኮፕ የሚያነብ ሰው ዋጋው ጨመረ" አለች። ልክ ናት። ደም ቀብቶ፣ አቅልሞ፣ ተሕዋሱን በዓይን ፈልጎ የሚያገኝ ባለሙያን የጠፋ ዘረመል አያታልለውም።

ሁለተኛው ዜና የጅቡቲ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ73,000 አለፈ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አምቡሊ በተባለው ሰፈር ዘረመላቸው የተለወጠ ወንድ ስቴፈንሳይ ትንኞች ተለቀቁ። ወንድ ትንኝ አይነክስም፤ ደም የምትጠጣው ሴቷ ናት። የተለቀቁት ወንዶች ከዱር ሴቶች ጋር ሲዳቀሉ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ ይሞታሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ አድገው ዘረመሉን ለቀጣዩ ያወርሳሉ። ሥራውን የሠራው ኦክሲቴክ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ከጅቡቲ መንግሥት ጋር ሆኖ ነው።

ክርክሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነው። የሐረሩ ልጅ አጥብቆ ተቃወመ፤ "እኛ ላይ ከሚሞከር መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይሞከር" አለ። ሌላው ደግሞ ትንኝ ድንበር እንደማያውቅ፣ ጅቡቲና ድሬ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ አንድ መንገድ ላይ እንዳሉ አነሣ። እውነትም ይህች ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስ ነው። በወደቡ ለገባ ነገር ሁሉ ቅርብ ነን። እኔ ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ይህ ትንኝ ራሱ መጤ መሆኑ ነው፤ እሱ ቢቀንስ ከአገሩ ተፈጥሮ የሚጎድል ነገር አይታየኝም። ግን የሐረሩን ልጅ ፍርሃት ንቄ ማለፍ አልፈልግም። አንድ ቀን እዚህ ይለቀቅ ቢባል ከመለቀቁ በፊት በመጋላም፣ በከዚራም፣ በገንደ ቆሬም ሰው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ይጠየቅ፤ እምቢ ማለትም ይችል። ያለዚያ እኔም ከእሱ ጋር እቆማለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ የማስበው ስለ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የእንዶድ ምርምር የተጀመረው ከዚያ ነው። ሴቶቹ በዚያ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ ያጥቡ ነበር፤ እሳቸው ቆም ብለው ለምን ብለው ጠየቁ። እኛስ በየቀኑ ከበርሜል እየቀዳን ምን ጠይቀን እናውቃለን?

ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ለመሥራት ተስማምተናል። የሰፈሮቻችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አስፈቅደን፣ ባለቤቶቹንም ጠይቀን፣ በየቤቱ ያለውን የውሃ ዕቃ እናያለን። በጭልፋ ቀድተን ነጭ ሳህን ላይ እንገለብጣለን። የአኖፊለስ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ነው የሚተኛው፤ የኤደስ እጭ ግን ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ በዓይን ይለያሉ። የምንመዘግበው የክዳኑን ዓይነት፣ ውሃው ስንት ቀን እንደቆየና እጭ መኖር አለመኖሩን ነው። ማወቅ የምንፈልገው ውሃ መድፋት ለማይችል ቤት የትኛው ክዳን በእርግጥ እንደሚሠራ ነው፦ የተገጠመ ቆርቆሮ፣ በላስቲክ የታሰረ ጨርቅ ወይስ የወንፊት ሽቦ። ጨርቁ ርካሽ ስለሆነ እሱ ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ቤት አሮጌ ነጠላ አይጠፋም።

ለእማዬ ስነግራት ሐሳቡን ወደደችው። ከዚያ ግን፣ "ሮቶውንስ ማን ያየዋል? ክዳኑን ፀሐይ ከሰነጠቀው ስንት ጊዜው፤ እዚያ ላይ ወጥቶ ያየ ሰው የለም" አለች። በዝርዝራችን ላይ አልነበረም። አሁን ጨምሬዋለሁ፤ መሰላል ከአጎቴ ጋራዥ እዋሳለሁ።